ወንድሜ ሴክሽን ሲደረግ ያላወቅናቸው መብቶች

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር ወንድማቸው፣ ልጃቸው ወይም ባለቤታቸው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል ለተያዘባቸው ወገኖቼ ነው። እዚህ ይህን «ሴክሽን መደረግ» ይሉታል፤ ሴክሽን ማለት የሕጉ አንቀጽ ነው። ወንድሜ ዛሬ ደህና ነው፣ ሥራውንም ይሠራል። እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ነው፤ አንብቦትም «ይህን ጨምሪ፣ ይህን ተዪው» ብሎኛል። የሕመሙ ታሪክ የራሱ ስለሆነ አላነሳውም። የማነሳው ቁጥሮቹን፣ ቀኖቹንና እኔ ታላቅ እህቱ የሠራኋቸውን ስህተቶች ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ዌልስም በአንዳንድ ነገር ትለያለች።

ነገሩ የጀመረው «እሺ» በምትለው ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ ወድዶ እንዲገባ ተጠየቀ፤ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው «እሺ» «ሰምቻለሁ፣ አላፈርኩብህም» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ተስማምቻለሁ» ላይሆን ይችላል። ነርሷ ግን መዝገቡ ላይ «ተስማምቷል» ብላ ጻፈች፤ እኛም ደስ አለን። ማታ ላይ «ቤቴ ልሂድ» ሲል በሩ አልተከፈተለትም።

ወድዶ የገባ ሰው በሕጉ መውጣትም ሆነ መድኃኒት አልፈልግም ማለት ይችላል። ነገር ግን ልሂድ ባለ ጊዜ ነርስ እስከ 6 ሰዓት፣ ሐኪም ደግሞ በሴክሽን 5(2) እስከ 72 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ይህ ለግምገማ ጊዜ ማግኛ ብቻ ነው፤ በግድ መድኃኒት ለመስጠት አያስችልም። «ወድደህ ካልገባህ ሴክሽን ትደረጋለህ» ተብሎ የተገኘ «እሺ» ደግሞ እውነተኛ ፈቃድ አይደለም። ፈቃድ የሚባለው ሰውየው በቂ መረጃ አግኝቶ፣ የመወሰን አቅም ኖሮት፣ ጫና ሳይደረግበት ሲሰጠው ነው። የመወሰን አቅም፣ እነሱ ካፓሲቲ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2005ቱ ሕግ አራት ነገር ነው፦ የተነገረውን መረዳት፣ እስኪወስን ድረስ መያዝ፣ ጥቅምና ጉዳቱን ማመዛዘን፣ ውሳኔውን በማንኛውም መንገድ መግለጽ። አቅም እንዳለው ነው የሚገመተው፤ የለውም የሚል ማስረዳት አለበት። የማያዋጣ የሚመስል ውሳኔ ስለወሰነ ብቻም አቅም የለውም አይባልም። ስለዚህ ሐኪሙ «ገብቶሃል?» ብቻ ብሎ እንዳያልፍ ለምኑት፤ የእኛ ሰው «አዎ» ነው የሚለው። «ምን እንደተባልክ በራስህ ቃል ንገረኝ» ይበለው።

ከዚያ ሴክሽን 2 ሆነ። እኛ «ሴክሽን አደረጉት» ብለን ተላቀስን እንጂ ቁጥሩን የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉ ነገር የሚመዘነው ግን በቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ሴክሽን 2 ለምርመራ እስከ 28 ቀን ነው፤ አይታደስም። ሴክሽን 3 ለሕክምና እስከ 6 ወር ነው፤ በ6 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ፖሊስ ከመንገድ ላይ የሚያነሳበት 136 ለ24 ሰዓት ነው፣ በሐኪም ውሳኔ 12 ሰዓት ሊጨመርበት ይችላል። በ136 ፖሊስ ሰውን ከገዛ ቤቱ ማውጣት አይችልም፤ ለዚያ ከፍርድ ቤት የመግቢያ ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ እሱ 135 ነው። ለ2ም ሆነ ለ3 ሁለት ሐኪሞች መመስከር አለባቸው። ማመልከቻውን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው ግን ኤኤምኤችፒ የሚባለው ባለሙያ ነው፤ ብዙዎቹ ሶሻል ወርከሮች ናቸው። የዚህን ሰው ስምና ስልክ በመጀመሪያው ቀን ያዙ። ደብተር ግዙና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጥሩን፣ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። እኛ ይህን የጀመርነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

በ17ኛው ቀን ካልሲ ልቀይርለት ከአልጋው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ስከፍት፣ ከነጠላ ጫማውና ከደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ላዩ ላይ የሻይ ኩባያ የተቀመጠበት ክብ ምልክት አለው። መብቱን የሚዘረዝረው ወረቀት ይህ ነበር። በሴክሽን 2 ሥር ያለ ሰው ለትራይቡናል፣ ማለትም መያዙን ለሚመረምረው ነጻ ችሎት፣ ይግባኝ ማለት የሚችለው ከተያዘበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ እንደሆነ ይላል። ካመለከተ ጉዳዩ በ7 ቀን ውስጥ ይታይለት ነበር። ሦስት ቀን አልፎን ነበር።

ሴክሽን 132 ሆስፒታሉን የሚያዘው ወረቀት እንዲያድል ብቻ አይደለም። በቃልም በጽሑፍም ነግሮ፣ ታካሚው መረዳቱን ለማረጋገጥ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ አለበት። በገባበት ሌሊት ራሱን ለማያውቅ ሰው አንዴ ተነግሮት ካልገባው እንደገና ሊነገረው ይገባል። ዋርዱን እንዲህ ጠይቁ፦ መብቱ የተነገረው መቼ ነው? በማን? በአማርኛ አስተርጓሚ ነው ወይ? መረዳቱ የት ተመዝግቧል? የትራይቡናሉ ቀን ቢያልፍም አንድ በር አይዘጋም፤ የሆስፒታሉ «ማኔጀሮች» የሚባለው ጉባኤ ጉዳዩን እንዲያይ በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። ስሙ ቢያሳስትም ዋርዱን የሚመሩት ሰዎች አይደሉም፤ ሰውን ከሴክሽን የማውጣት ሥልጣን ያላቸው ከውጭ የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

አስተርጓሚን በተመለከተ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ያመኛል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። «መድኃኒቱ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፣ አልፈልገውም» ሲል እኔ «ትንሽ ይከብደኛል ይላል» አልኩ፤ እንዳይቆጡበት ብዬ። እሱ ደግሞ እህቱ ፊት የሚያፍርባቸውን ነገሮች ዋጣቸው። የሕጉ የአሠራር መመሪያም ዘመድ ለማስተርጎም እንዳይውል፣ ከዋለም ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ እንዲሆን ነው የሚለው። ከዚያ የስልክ አስተርጓሚ መጣ፤ እሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከብዙ ሳምንት በኋላ የሐኪሙን ሪፖርት ሳነብ «የመሞት ፍላጎት እንዳለው ገልጿል» የሚል አየሁ። ወንድሜን ጠየቅኩት። ያለው «እኔ ልሙት፣ ምንም አልሆንኩም!» ነበር። መሐላውን አስተርጓሚው ቃል በቃል አሻገረው፤ ለሳምንታትም ከዋርዱ እንዳይወጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ዐረፍተ ነገር ሆነ። «ሞቼ ባረፍኩት» የምንለውም እንደዚያው ነው። «ድምፅ ትሰማለህ?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ጆሮው ደህና የሆነ ሁሉ «አዎ» ነው የሚለው፤ ጥያቄው «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ» መባል አለበት።

ስለዚህ ስታስመዘግቡ «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ» ሳይሆን «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀናው ከሆነም ያንኑ በስሙ ጥሩ። የለንደን ሐበሻ እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሲሆን ታካሚው ዝም ይላል። በስልክ፣ ከሌላ ከተማ፣ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን መጠየቅ ይቻላል። ምርጫው የታካሚው ነው፤ እሱን ጠይቁት።

ትልቁ ስህተቴ በ25ኛው ቀን በስልክ ተሠራ። ሥራ ላይ ነበርኩ። አንዲት ሴት ደውላ በትሕትና ስለ ወንድሜ አወራችኝ፤ ሴክሽን 3 እየታሰበ መሆኑን ነገረችኝና ምን እንደሚሰማኝ ጠየቀችኝ። እኔም «እናንተ የምታውቁትን አድርጉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ሐኪምን ማመን ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ያ ስልክ ሕጉ «የቅርብ ዘመድ» የሚለውን ሰው እንድታማክር ኤኤምኤችፒዋን የሚያስገድደው ምክክር ነበር፤ የቅርብ ዘመዱም እኔ ነበርኩ።

ይህን ሰው ቤተሰብ ሽማግሌ ሰብስቦ አይመርጠውም፤ ሕጉ ራሱ በተራ ያስቀምጠዋል፦ መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ ወላጅ፣ ከዚያ ወንድም ወይም እህት እያለ ይቀጥላል። እኩል ከሆኑ ታላቁ ይቀድማል። አብሮት የሚኖር ወይም የሚያስታምመው ዘመድ ካለ ሁሉንም ያልፋል። ታካሚው እዚህ ነዋሪ ከሆነ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አይቆጠርም። እናታችን አዲስ አበባ ስለሆነች በሕጉ ፊት ቦታ አልነበራትም፤ እኔ ግን «እማማ ትወስን» እያልኩ እሷን በቫይበር አስጨንቅ ነበር።

የቅርብ ዘመድ ሴክሽን 3ን በግልጽ «እቃወማለሁ» ካለ ኤኤምኤችፒው ማመልከት አይችልም፤ ተቃውሞው ያለ በቂ ምክንያት ነው ካለ ደግሞ ዘመዱን ከቦታው ለማስነሳት ካውንቲ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ስትቃወሙ አማራጭ ይዛችሁ ተቃወሙ፦ ማን ቤት ያድራል፣ መድኃኒቱን ማን ያያል፣ ቤት እየመጣ የሚያክመው ቡድን ይቀበለዋል ወይ? የወንድሜን ሁኔታ ሳስበው ያኔ መብቴን ባውቅም ላልቃወም እችል ነበር። የሚቆጨኝ ግን የሱን ሐሳብ ሳልጠይቀው ስለሱ መልስ መስጠቴ ነው። ዛሬ ቢሆን «ነገ ልደውልልሽ፣ መጀመሪያ ወንድሜን ላነጋግረው» እል ነበር። ጊዜ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የቅርብ ዘመድ በጽሑፍ የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ታካሚውን የማስወጣት ሥልጣንም አለው። ይህን የሰሙ ሰዎች ወዲያው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ አትቸኩሉ። ሐኪሙ «ከወጣ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ያደርሳል» ብሎ ካገደው፣ ለ6 ወር እንደገና መሞከር አይቻልም። ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ነገሩ መስመር የያዘው አድቮኬት ስትመጣ ነው። ሴክሽን 2 ወይም 3 ሥር ያለ ሰው ከሆስፒታሉ ነጻ የሆነ አድቮኬት በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ ዋርዱ ግድግዳ ላይ ስልኩ ተለጥፎ በየቀኑ አልፈነው እንሄድ ነበር። ጠበቃ አይደለችም፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ አብራው ትቀመጣለች፣ ጥያቄውን ታዘጋጃለች፣ ከፈቀደላትም መዝገቡን ታያለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለኔ ሳይሆን ለወንድሜ ነበር፦ «አንተ የምትፈልገው ምንድን ነው?» እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ ጠበቃ ያዘ። ለትራይቡናል የሚቆም ጠበቃ ለታካሚው በነጻ ነው፤ ገቢው ወይም ያጠራቀመው ገንዘብ አይታይም። የአእምሮ ጤና ፈቃድ ያለው ጠበቃ ምረጡ፤ ዋርዱ ዝርዝር አለው። በሴክሽን 3 የመጀመሪያ 6 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ማመልከት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ መቼ እንደምትጠቀሙበት ከጠበቃው ጋር ተማከሩ። ችሎቱ ላይ አንድ ዳኛ፣ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንድ ሌላ ባለሙያ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት የሐኪሙ፣ የነርሱና የሶሻል ወርከሩ ሪፖርት ይመጣል። በአስተርጓሚ ቃል በቃል አስነብቡት፤ «እኔ ልሙት»ን ያገኘነው እዚያ ነው። ጠበቃው በጽሑፍ እንዲታረም አደረገ። ትራይቡናሉ ያን ቀን አላሰናበተውም፤ ግን ከችሎቱ በኋላ ሐኪሙ በሴክሽን 17 ከዋርድ የመውጣት ፈቃድ ሰጠው፤ በመጀመሪያ ከነርስ ጋር ለአንድ ሰዓት፣ ቆይቶም እሑድ እሑድ ለቅዳሴ።

መድኃኒትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በሴክሽን 2 እና 3 ለአእምሮ ሕመሙ የሚሰጥ መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ያለ ፈቃዱም ሊሰጥ ይችላል። ከ3 ወር በኋላ ግን ወይ በራሱ ፈቃድ፣ ሐኪሙም አቅም እንዳለው አረጋግጦ ቲ2 በሚባለው ፎርም፤ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሁለተኛ ሐኪም አይቶ ቲ3 በሚባለው ፎርም ካልጸደቀ አይቀጥልም። ፎርሙ ላይ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ይጻፋል፤ አሳዩን በሉና ከሚሰጠው ጋር አስተያዩት። ሁለተኛው ሐኪም ሲመጣ ታካሚውን ያነጋግራል፤ ስለዚህ የመጣው ጉዳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ክብደት መጨመር፣ እንቅልፍ፣ በቀን ተጽፎ ይጠብቀው። በኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሕክምና ሌላ ነው፤ አቅም ያለው ሰው አልፈልግም ካለ ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይሰጠውም። ለስኳር፣ ለጥርስ፣ ለሆድ ሕመም ደግሞ ሴክሽን ምንም ሥልጣን አይሰጥም፤ አቅም ያለው ሰው እምቢ ማለት ይችላል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚመጣውን ክኒን ወንድሜ አይወስድም ነበር፤ ነርሶቹም በየሳምንቱ «መድኃኒት እምቢ አለ» እያሉ ጻፉ። ይጾም ነበር። ሲነገራቸው ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ማታ አዞረው፤ «እምቢታው» አለቀ። ጾምን፣ ጸሎትን፣ ጸበልን አትደብቁ። ጸበል ጠጥቶ መድኃኒቱን ግን ሳያቋርጥ መቀጠል እንደሚፈልግ በግልጽ ሲናገር የሐኪሙ ፊት ሲፈታ አይቻለሁ።

ሲወጣ የሚረሳው ሴክሽን 117 ነው። በሴክሽን 3 ተይዞ የነበረ ሰው ከወጣ በኋላ ለሕመሙ የሚያስፈልገውን ክትትልና ድጋፍ በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ ኃላፊነቱ የካውንስሉና የጤና አገልግሎቱ የጋራ ነው። በሴክሽን 2 ብቻ ተይዞ የወጣ ይህን አያገኝም። ከመውጣቱ በፊት ስብሰባው እንዲደረግ፣ ዕቅዱም በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፦ ማን ይከታተለዋል፣ መርፌው ወይም ክኒኑ የት ነው፣ ቅዳሜ ሌሊት ቢብስበት ማን ጋ ይደወላል። እኛ አርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ ከረጢት መድኃኒት ይዘን ልንወጣ ስንል አድቮኬቷ ናት ያስቆመችን።

ሕጉ ራሱም እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሰር ሳይመን ዌስሊ አጥኚ ቡድን ካቀረበው ሪፖርት የተነሳው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ሕግ ሆኗል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ጥቁር ሰዎች ከነጮች ከ3 እጥፍ በላይ ሴክሽን መደረጋቸው ነው። በሥራ ላይ የሚውለው ደረጃ በደረጃ፣ በዓመታት ውስጥ ስለሆነ በናንተ ቀን የትኛው እንደሚሠራ አድቮኬቱን ጠይቁ። በተራ የሚመጣው የቅርብ ዘመድ ይቀርና ታካሚው ራሱ የሚሾመው ሰው ይተካዋል። የሴክሽን 2 ይግባኝ ከ14 ወደ 21 ቀን ያድጋል። የሴክሽን 3 የመጀመሪያ ጊዜ ከ6 ወደ 3 ወር፣ ያለ ፈቃድ መድኃኒት የሚሰጥበትም ከ3 ወደ 2 ወር ያጥራል። አድቮኬት ሳይጠየቅ ይመጣል፤ አልፈልግም የሚለው ታካሚው ነው። ደህና ሳለ የሚጻፈው የምርጫ ሰነድም በሕጉ ቦታ አግኝቷል።

ይህን ሰነድ እኛ አዲሱን ሕግ ሳንጠብቅ ጻፍነው፤ ዛሬም ማንም መጻፍ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጥን መድኃኒት በሴክሽን ሥር ሙሉ በሙሉ አያስቆምም፤ ሐኪሙ ግን አይቶት ከግምት ማስገባት አለበት፣ የኤሌክትሪክ ሕክምናን አስቀድሞ እምቢ ማለት ደግሞ ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ይጸናል። የወንድሜ ሁለት ገጽ ነው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ። የረዳውን መድኃኒትና መጠኑን፣ የጎዳውንና እንዴት እንደጎዳው፣ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየውን ምልክት፣ ማን እንዲነገረው ማንስ እንዳይነገረው፣ የጾም ቀኖቹን፣ የሚፈልገውን ዓይነት አስተርጓሚ ጽፏል። የመጀመሪያው መስመር «እሺ ስል መስማማቴ ላይሆን ይችላል፤ ምን እንደገባኝ መልሳችሁ ጠይቁኝ» ይላል። ጂፒው (የሰፈር ሐኪሙ) እና የሚከታተለው ነርስ ፈርመውበታል። አንድ ቅጂ ጂፒው ጋ፣ አንዱ በመዝገቡ ውስጥ፣ አንዱ በኔ ቦርሳ፣ ፎቶው ደግሞ በስልኩ አለ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አውጥቶ ያነበዋል፤ አምና መድኃኒቱ ስለተለወጠ ሁለት መስመር ሰርዞ አዲስ ቀን ጻፈበት።